በሰላምታ የተገኘ ፕሬስ

ሰይፉ አረፈ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፕሬሱ ነው። ስለ ሚስቱ ስለ ሮማን አይደለም፤ ስለ ልጃቸውም አይደለም። «ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያለው ፕሬስ አሁን ማን እጅ ይገባል?» አልኩ በልቤ። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው የኪራይ መኪና ግቢ ውስጥ አንዲት ነጭ መኪና እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ጎማዎቹ ተመለስኩ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ስደርስ ውሃው ሳይዘጋ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ፕሬሱ ማስረዳት አለብኝ፤ በእኛ ሰው ጆሮ ቃሉ ሌላ ነገር ነው። ሰይፉ ራሱ መጀመሪያ ስነግረው ምሳው ትን ሊለው ነበር። እሱ ተሳፋሪ ከኤርፖርት ወደ እኛ ግቢ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እኔ ደግሞ የተመለሱትን መኪናዎች አጣቢና ተቆጣጣሪ። የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠናል።

«ፕሬስ ልገዛ ነው» አልኩት።

«ጋዜጣ ልታወጣ? አንተ? ሰላም ለማለት የሚያንቅህ ሰውዬ?»

«የጥይት ፕሬስ ነው።»

«ባሰ። ያሉት ጋዜጦች ሲሳደቡ አልበቃ ብሎህ፣ የሚተኩስ ልትጨምርልን ነው?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አበሾች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ የእሱ ነበር። ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሳቁ ባለቤት እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

ነገሩ ይሄ ነው፦ ጥይት ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ቀለሁ ይቀራል። ቀለሁ ናስ ስለሆነ አይጣልም። ተጠርጎ፣ ያበጠው ወደ ልኩ ተመልሶ፣ ቂጡ ላይ አዲስ እሳት ለኳሽ ገብቶለት፣ ባሩድ ተሰፍሮበት፣ አፉ ላይ አዲስ እርሳስ ከተተከለ እንደገና ጥይት ይሆናል። ከባሩዱ መሰፈር በቀር ይህን ሁሉ የሚሠራው ጠረጴዛ ላይ በቡሎን የሚታሰር፣ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ነው ፕሬስ የሚባለው። በዚያን ጊዜ ጥይት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ጠፍቶ ነበር። እኛ ደግሞ በእረፍት ቀናችን ሬንጅ፣ ተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ሄደን በሪቮልቨር ሽጉጥ ወረቀት ላይ የምንተኩስ ጥቂት የሥራ ጓደኞች ነበርን።

ምርጫው ለእኔ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ማንም አላስተማረኝም። ቢከን ሂል ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት አንዱን መጽሐፍ እየመለስኩ መልሼ እዋሳለሁ፤ ከሥራ ስገባ ደግሞ ቪዲዮ እያቆምኩ አያለሁ። የፕሬስ ዓይነቱ ሦስት መሆኑን ተማርኩ። አንደኛው አናቱ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ እጀታው ሲሳብ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው አናቱ ስለሚሽከረከር መሣሪያዎቹን ሳይፈቱ ከሥራ ወደ ሥራ ያሻግራል። ሦስተኛው እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት የሚተፋ ነው። ጀማሪ ሁሉ ሦስተኛውን ይመኛል። ለጀማሪ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ፈጣኑ ስህተትንም በፍጥነት ያመርታል። ባለ አንድ ቀዳዳው ላይ እያንዳንዱን ቀለህ በእጅህ ታነሳዋለህ፣ በዓይንህ ታየዋለህ።

ከባለ አንድ ቀዳዳዎቹም መረጥኩ። አሉሚኒየም ሳይሆን ጊዛ ብረት፤ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰው ከባዱ። ፊቱ ክፍት የሆነው ሲጫኑት ትንሽ ይለጠጣል፤ ስለዚህ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ። በመጨረሻ አንድ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ድሮ ከበድ ተደርጎ ይሠራ የነበረ ዓይነት ላይ ደረስኩ። አዲሱ ቀሏል። አሮጌው እስኪገኝ እየጠበቅሁ ነበር። ይህን ሁሉ ለሰይፉ ነገርኩት፤ ሩዙን እየበላ ሰማኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አውቶቡሱን ግቢው ውስጥ ፓርክ አድርጎ ጠራኝ። የሻንጣ ማስቀመጫውን ከፈተው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ። ገለጠው። አረንጓዴ ነበር። ጊዛ ብረት፣ እንደ ቀለበት የተዘጋ፣ እጀታው ላይ ያለው ድቡልቡል እንጨት በሰው መዳፍ ብዛት የለሰለሰ።

«ይሄ ነው አይደል ያልከኝ?»

«ይሄ ነው» አልኩ። «የት አገኘኸው?»

«ሰጡኝ።»

«ማን?»

«አባባ ካርል።»

አባባ ካርል ሰይፉ በሚኖርበት በሊንውድ ከተማ ጎረቤቱ የነበሩ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ሰይፉ ሰላምታ ካልተናገርኩ ሰውየውን አልገለጽኩትም። ሰይፉ ሰላም ሲል ሥራ ይፈታል። ረጅም ስለነበር መጀመሪያ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይደግፋል፣ ከዚያ አንድም ጥያቄ ሳይዘል እንዴት አደርክ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች፣ ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ እያለ ይሄዳል። መልሱንም ይጠብቃል። ለነጩም ለጥቁሩም ያው ነው። ከአጥር ወዲያ ያሉትን አባባ ካርልን የመጀመሪያ ቀን ሲያገኛቸው «እንዴት አደሩ»ን ቃል በቃል ገልብጦ፣ ሌሊቱን እንዴት አሳለፉት ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ሽማግሌው በሌሊት ድምፅ አሰምተው ሰው የቀሰቀሱ መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁ። በማግስቱም ጠየቃቸው። በሳምንቱ ሽማግሌው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉት መናገር ጀመሩ፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሟች ሚስታቸው። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ጋ አሪዞና ሊገቡ ዕቃ ሲያዘጋጁ፣ ሰይፉ «ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ይፈልጋል» ቢላቸው፣ ከመደርደሪያቸው አውርደው ሰጡት። ገንዘብ ቢያወጣ ተቆጡት።

ለእኔ አንድ ዓመት የፈጀብኝን እሱ በሰላምታ አገኘው። «ጓደኛዬ ይፈልጋል» ብሎ ነው የጠየቀው፤ ያንን አልሸሸገኝም። ግን ሽማግሌው «ላንተ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አልሰጥም» አሉት፤ የሽማግሌ ቃል ደግሞ አይታጠፍም አለ። «ሶ፣ እኔ ቤት ይቀመጥ፣ የሁለታችን ይሁን» አለኝ። ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላመጥኩት እግዜር ይወቅ። የሁለታችን የሆነ ነገር የሚቀመጠው ከአንዱ ቤት ነው።

«ና ትከልልኝ» አለኝና ቅዳሜ ሄድኩ። ከምኖርበት ከሬኒየር ቢች እስከ ሊንውድ ድረስ በባቡርና በአውቶቡስ፣ ሜትሬንና የቡሎን ቁልፎቼን ይዤ። የጋራዡን ጠረጴዛ በእጄ ስገፋው ተወዛወዘ።

«ይሄ አይሆንም» አልኩት።

«ጠረጴዛ ነው እኮ።»

«እጀታውን ስትስብ ጠረጴዛው አብሮ ከተነሳ የምትሰማው የጠረጴዛውን ጉልበት ነው እንጂ የቀለሁን አይደለም።»

«ኧረ ሚሊሜትር» አለ እየሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ሚሊሜትር ሆነ፤ ግቢያችን ውስጥ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር አሰርነው፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ጨመርን። ፕሬሱ የጠረጴዛው እግር ካለበት ጫፍ ላይ እንዲሆን አድርጌ በሳሁ፤ ቡሎኑን ከላይ አወረድኩ፣ ከታች ሰፊ ሮንዴላ አድርጌ በዳዶ አጠበቅሁ። ከዚያ ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳይ ተራ ደረሰ። ዳይ አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ እንደ ጡጦ ክዳን እየዞረ የሚገባ ብረት ነው።

«ዳዩን አቀብለኝ» ስለው፣

«ዳይ ዳይ እያልክ አታጣድፈኝ» አለ።

እጀታውን እስከ መጨረሻ አውርጄ ቀለህ መያዣው ያለበት ምሰሶ ወደ ላይ እንዲወጣ አደረግሁ። ዳዩን ቀስ እያልኩ አዞርኩት፤ ከቀለህ መያዣው ጋር ሊነካካ ሲል፣ ወረቀት ብቻ የምታልፍበት ክፍተት ትቼ ቀለበቱን ቆለፍኩ። ወረቀቱን አስገብቼ ሳብኩት፤ እየጎተተ ወጣ። ሰይፉም ሞከረው። «እውነትም» አለና ሮማንን ጠርቶ አሳያት። «አየሽ? ወረቀት ብቻ ነው የሚያልፈው።» ራሱ ያስተካከለው ይመስል ነበር። ውሸት ግን አልተናገረም። «ሚሊሜትር ነው» አለ።

ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ክብሬን ሰርቆኝ ቢሆን ልጠላው እችል ነበር። ሬንጅ ላይ ጓደኞቻችን «የሰይፉ ጥይት ሲጥም» ሲሉ፣ እሱ ሁልጊዜ «የእሱ ነው፣ እኔ እጀታ ሳቢ ነኝ» ይላቸው ነበር። እነሱ ግን ትሕትና መሰላቸው፤ በዚያው የበለጠ ወደዱት።

ጋራዡ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ወደ መንገድ ክፍት ነው። ሰው ይገባል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ፣ ልጁን ከኳስ የሚያመጣ፣ ፖስታ አመላላሿ ሳትቀር። እኔ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ፦ ባሩድ ሲሰፈር ዝም። ባሩድ አሰፋፈሩን ሚዛን ላይ አስተምሬዋለሁ፤ እጁ ከእኔ እጅ የተረጋጋ ነበር፣ ያንንም አልወደድኩትም። ቀለሆቹ በተበሳ ጣውላ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ አንድ ባንድ ይሰፈርላቸዋል። የእኛ ሽጉጥ ቀለህ ረጅም ነው፤ ባሩዱ ግን ጥቂት ነው። ሁለቴ ቢሰፈርበት አይፈስም፣ ተጠግተው ካላዩት አያስታውቅም። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሰይፉ ባሩድ ሲሰፍር መሐል ላይ ደርሶ ሳለ እትዬ ዘውዴ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። የሮማን የክርስትና እናት ናቸው፤ ያን ሰሞን ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሰይፉ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ተነሳ። አንገቱን ሰበረ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እትዬ? አሁንስ ተሻለዎት? እንቅልፍስ?»

«ተመስገን ልጄ። አንተ ምንድነው ይሄ የቀማመምከው? ሽሮ ነው?»

«ለጠላት የሚሆን ሽሮ ነው እትዬ።»

ሳቁ፤ እኔም ተነስቼ እጅ ነሣሁ። ሮማን ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ሰይፉ እየሳቀ ተመልሶ ተቀመጠና ካቆመበት፣ ማለቴ ያቆመበት ከመሰለው፣ ቀጠለ። ሲጨርስ እንደ ልማዴ ባትሪዬን አብርቼ ቀለሆቹን አንድ ባንድ ተመለከትኩ። አንደኛው ውስጥ ባሩዱ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ቆሟል።

«እየው» አልኩት።

አጎንብሶ አየ። «ሁለቴ ነው?»

«ሁለቴ ነው።»

«ይሄ ቢተኮስ?»

«ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል።»

ቀኝ እጁን ዘርግቶ መዳፉን አየው፤ ያን ሁሉ ሰው የሚጨብጥበትን።

«ከእንግዲህ ሰው ሲመጣ አትነሳ» አልኩት። «ሥራ ላይ ነኝ በል።»

«እትዬ ዘውዴን? ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ብለህ።»

«እሱስ አይሆንም።» እንደ ማሰብ አለ። «ሌላ መላ የለውም?»

«አለው። ከተነሳህ፣ የሰፈርከውን ሁሉ መልሰህ ታፈሳለህ። ካንድ ትጀምራለህ። በየጊዜው።»

ይሄን ያልኩት ለደኅንነቱ ነው፤ ትክክለኛው ሕግም ይኸው ነው። ግን በሆዴ ሌላም ነበር። የዚያ ሰው በር በአንድ ቅዳሜ ስንቴ እንደሚከፈት አውቃለሁ። «ይሰለቸዋል» አልኩ። «ወር አይሞላውም፤ ከዚያ ፕሬሱን ራሱ ተሸክሞ ያመጣልኛል።»

«ኦኬ» አለ ሰይፉ። «እሱ ይቻላል።»

ቻለውም። ሰው በገባ ቁጥር ይነሳል፣ ሰላምታውን ከነሙሉ ክብሩ ይሰጣል፣ ሲመለስ ጣውላውን አዘንብሎ ባሩዱን ወደ ዕቃው ይመልሳል። «ካንድ» ይላል። አንዴ ሊጨርስ አንድ ቀለህ ብቻ ሲቀረው የጎረቤት ልጅ ኳሷን ፈልጋ መጣች። ተነሳ። ኳሷን አገኘላት፣ ትምህርት እንዴት ነው አላት። ተመልሶ የመጨረሻውን ብቻ ይሞላል ብዬ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁት። አጠገቡ እኔ ባልኖር እንኳ እንደማያደርገው ከአዘነባበሉ ያስታውቅ ነበር። ሁሉንም መለሰ። «ካንድ።»

አንዳንድ ቅዳሜ ምንም ሳንጨርስ ይመሻል። የሚነጫነጨው እኔ ነኝ። ቢማረር፣ አንዴ እንኳ «ኤጭ» ቢል፣ ያሳርፈኝ ነበር።

አንድ ቀን ባሩዱን እየመለሰ፣ «አንተ ቤት ሰው ይመጣል?» አለኝ።

«አይመጣም።»

«ማንም?»

«ማን ይመጣል?»

«እንግዲያማ ፕሬሱ መሆን የነበረበት አንተ ጋ ነው» አለና ሳቀ። ክፋት የለበትም። ግን ባቡር ውስጥ እስከ ሬኒየር ቢች ድረስ ያችን ሳቅ ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ነው፤ ፕሬሱ እኔ ጋ ቢሆን በአንድ ከሰዓት ሣጥን ሙሉ ጥይት ይወጣ ነበር። እውነቱን ስለሆነም ነው የከነከነኝ።

የገደለው ልቡ ነው አሉ። አውቶቡሱን አቁሞ፣ የአንዲት ሴትዮ ሻንጣ እያወረደ።

ለቅሶው ዕለት ሊንውድ ስደርስ ከቤቱ መንገድ ጀምሮ እስከሚቀጥለው መንገድ ድረስ መኪና ቆሟል። ሥራዬ ስለሆነ መኪና አያለሁ፤ የታክሲ ሾፌሮች፣ የሆቴል አውቶቡስ ሁለት፣ የፖስታ መኪና ሳይቀር። እኔ ስሞት ሰው የት ፓርክ ያደርጋል ብዬ የምጨነቅበት ምክንያት የለኝም ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ። ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ዓይኑን እየጠረገ፣ «የእሱን ጥይት ተኩሰህ ታውቃለህ?» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «እንዲያ ያለ ልክ አይቼ አላውቅም» አለ። «እኔም» አልኩ።

ከአርባው በኋላ ሮማን ኮል አደረገችልኝ። የሄድኩ ዕለት የጋራዡ በር ዝግ ነበር፤ በውስጥ በኩል አስገባችኝ።

«ውሰደው» አለችኝ። «እዚህ ማን ይነካዋል? ሰይፉ ሁልጊዜ ይል ነበር፤ ‹ሰው በገባ ቁጥር ሚሊሜትር ፊቱ ይጠቁራል። እሱ ብቻውን ጸጥ ብሎ ቢሠራበት ነው ደስ የሚለው› ይለኝ ነበር።»

«ሌላስ ምን ይል ነበር?»

«‹ግን ቢወስደው ቅዳሜ አይመጣም› ይል ነበር። ‹ለዚህ ነው የአባባ ካርል ቃል አይታጠፍም ያልኩት።›»

«ላንተ ብቻ ነው አላሉም እንዴ ሽማግሌው?»

«አባባ ካርል? እሳቸውማ ለማንም ስጠው ነው ያሉት።»

ቁልፉን አውጥቼ ዳዶዎቹን መፍታት ጀመርኩ። ጠንክሬ ነው ያጠበቅኋቸው። ሮማን የሚረዳኝ ሰው ልጥራ ብትለኝ እምቢ አልኳት።

አሁን እኔ ቤት ነው፤ ሬኒየር ቢች፣ በመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳ ጋር በታሰረ ጠረጴዛ ላይ። የዳዩን ቀለበት ሳልነካው ወረቀት አስገብቼ ሞከርኩት፤ እየጎተተ ወጣ። ልኩ አልተዛነፈም። አንድ ዓመት የፈለግሁትን ፕሬስ አገኘሁት፤ በሰይፉ ግን አሁንም እቀናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለሆቹን በጣውላው ላይ ደርድሬ፣ ሁለተኛ ወንበር ጎኔ አስጠግቼ፣ ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣውን በር ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ ባሩድ መስፈር እጀምራለሁ። ካንድ እስከ መጨረሻ።

እስካሁን መልሼ ያፈሰስኩት ባሩድ የለም።